ያልደከሙበት ምስጋና

ዝናን መመኘት በራሱ ክፉ ነገር ነውን? በየቁምስናው ወጣቶችን የሚያስተምሩ ሁሉ ይህን ጥያቄ በልዩ ልዩ መልኩ ያገኙታል። አንዱ ወጣት ዘፋኝ እሆናለሁ ይላል፤ ሌላዋ ስሟ በየቦታው እንዲጠራ ትመኛለች። የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ «ውዳሴ ከንቱ ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ወጣቱም መልሱን እዚያው ትቶ፣ ምኞቱን ግን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ቀስ ብለን ልንመረምረው እንወዳለን፤ ለምርመራችንም የሚረዳን አንድ አስቂኝ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ መርጠናል። አንባብያን በምርጫችን እንዳይደነቁ እንለምናለን። የሥነ ምግባር ጥያቄ ከከባድ መጻሕፍት ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ ለሣቅ ከተሠራ ነገርም ሊነሣ ይችላል።

ወጣት ሙዚቀኞች ተሰባስበው ዝናን ሲያሳድዱ የሚያሳዩ አስቂኝ ተከታታይ ድራማዎች በአሜሪካ ቴሌቪዥን ረጅም ታሪክ አላቸው። ከ1992 እስከ 1996 የታየው «ካሊፎርኒያ ድሪምስ» እና ከ2009 እስከ 2013 የታየው «ቢግ ታይም ረሽ» ከእነዚህ መካከል ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እዚህ ላይ እናስታውሳለን። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ መንገዱን የከፈተው ግን «ዘ መንኪስ» የተባለው ነው። ኤን.ቢ.ሲ. በተሰኘው ጣቢያ ከሴፕቴምበር 12 ቀን 1966 እስከ ማርች 25 ቀን 1968 ድረስ በሃምሳ ስምንት ክፍሎች ታይቷል፤ በ1967ም በአስቂኝ ተከታታይ ድራማ ዘርፍ የኤሚን ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩ ቀላል ነው። አራት ወጣቶች በባሕር ዳር በአንድ ቤት አብረው ይኖራሉ፤ የሙዚቃ ባንድ አላቸው፤ ገንዘብ ግን የላቸውም። የቤት ኪራይ ይውዘፋል፤ አከራዩ በራቸውን ያንኳኳል፤ ሥራ ሲገኝ አንድ ያልታሰበ ችግር ይመጣና ነገሩ ይበላሻል። እነርሱም እየተሯሯጡ፣ እየወደቁና እየተነሡ ከችግሩ ይወጣሉ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ግን አንድ ነገር አለ። በድራማው ውስጥ አራቱ ሁልጊዜ ዝናን ሲፈልጉ እንጂ አግኝተው ሲያርፉ አይታዩም። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልካቹ ሲመለስ እነርሱ አሁንም ድሆች ናቸው፤ አሁንም አብረው ናቸው። በየቤቱ የነበሩት ወጣቶች የወደዱትም ይህንኑ ይመስለናል። ተመልካቹ በአራቱ ሀብት አልቀናም፤ ያቺን እንጀራ ተካፍሎ የመኖር ወዳጅነታቸውን ተመኘ።

ከቴሌቪዥኑ መስታወት ውጭ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ባንዱ ወዳጆች ተሰብስበው የመሠረቱት አልነበረም። ቦብ ራፈልሰንና በርት ሽናይደር የተባሉ ሁለት አዘጋጆች በሴፕቴምበር 1965 በሆሊውድ የሙያ ጋዜጦች ላይ ማስታወቂያ አወጡ፤ ከአሥራ ሰባት እስከ ሃያ አንድ ዓመት የሆናቸው አራት ወጣቶች እንደሚፈለጉም ገለጹ። ከአራት መቶ በላይ አመልካቾች ቀረቡ። የተመረጡት ማይክል ኔስሚዝ፣ ፒተር ቶርክ፣ ሚኪ ዶለንዝና ዴቪ ጆንስ ነበሩ። (ኔስሚዝና ቶርክ ማስታወቂያው ከወሰነው ዕድሜ ያለፉ ነበሩ፤ ሕግ አውጪው ራሱ ሕጉን ሲረሳ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።) ከአራቱ ሁለቱ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ ኔስሚዝ ዘፈን ይደርስ ነበር፤ ቶርክ ብዙ መሣሪያ ይጫወት ነበር። ዶለንዝ በልጅነቱ በቴሌቪዥን የተወነ፣ ጆንስም ከእንግሊዝ መጥቶ በብሮድዌይ መድረክ የታወቀ ተዋናይ ነበር። ዶለንዝ ለድራማው ሲባል ከበሮ መቺ እንዲሆን ተመደበ፤ እርሱ ግን ከበሮ መምታት አይችልም ነበር።

ድራማው ገና መታየት ሳይጀምር ዘፈኖቹ ተዘጋጁ። የሙዚቃው ኃላፊ ዶን ከርሽነር የሚባል ሰው ነበር። ግጥምና ዜማውን ሌሎች ደረሱ፤ መሣሪያውን በቅጥር የሚሠሩ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ተጫወቱ፤ አራቱ በአብዛኛው ድምፃቸውን ብቻ አበደሩ። «ላስት ትሬይን ቱ ክላርክስቪል» የተባለው የመጀመሪያ ዘፈናቸው በኖቬምበር 1966 በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። የዚህን ዘፈን መክፈቻ የሰማ ሁሉ የሚያስታውሰውን የጊታር ድምፅ የተጫወተው ሉዊ ሼልተን የተባለ ሰው ነው። በሸክላው ሽፋን ላይ ግን የሚታየው የአራቱ ወጣቶች ፎቶግራፍ ነበር። ቀጥሎም ኒል ዳይመንድ የደረሰው «አይም ኤ ቢሊቨር» በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ ሆነና ለሰባት ሳምንታት ቦታውን ሳይለቅ ቆየ። የመጀመሪያው አልበም ለአሥራ ሦስት ሳምንታት፣ ሁለተኛው ደግሞ ለአሥራ ስምንት ሳምንታት አንደኛ ሆነው ቆዩ።

እንግዲህ በድራማው ውስጥ ዝና ያልደረሳቸው አራት ወጣቶች በሕይወታቸው ሥራው ሳይጀመር ዝናው ደረሳቸው። ጥያቄያችን የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

አንዳንዶች በዚያን ጊዜ «አታላዮች ናቸው» ብለው ከሰሷቸው። ይህ ክስ እንዳለ ሊወሰድ አይገባውም። ተዋናይ የንጉሥ ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ሲወጣ ማንንም አላታለለም፤ ተመልካቹ መድረክ መሆኑን ያውቃልና። ሚኪ ዶለንዝ በቴሌቪዥን ከበሮ መቺ መስሎ ቢታይ ሐሰት አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ሸክላው ግን ከመድረኩ ይለያል። ሸክላ በገበያ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ገዢው በሽፋኑ ላይ ያያቸው ሰዎች ሠሩት ብሎ ያምናል፤ ሻጩም እንደዚያ እንዲያምን ይፈልጋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያው ሰው ያንኑ ዜማ ሁለት ጊዜ ሊሰማው ይችላል፤ በድራማው ውስጥ እንደ ጨዋታ፣ በሸክላው ላይ ደግሞ እንደ ምስክርነት። የጨዋታው ነጻነት የምስክርነቱን ግዴታ አያነሣለትም።

እርግጥ ነው፣ በዚያን ዘመን የስቱዲዮ ሙዚቀኞችን ስም አለመጥቀስ የተለመደ ነበር። እንደ ዘ በርድስ ያለ የተከበረ ባንድ እንኳ «ሚስተር ታምቡሪን ማን» የተባለውን ዘፈን በ1965 ሲያስቀዳ ከአባላቱ መካከል መሣሪያ የተጫወተው አንዱ ብቻ ነበር፤ የቀሩትን ቅጥረኛ ሙዚቀኞች ተክተዋቸዋል። ስለዚህ ዘ መንኪስን ብቻ ለይቶ መውቀስ ፍትሕ አልነበረም። ሆኖም ልማድ የአንዱን ጥፋት ወደ ብዙዎች ያከፋፍለዋል እንጂ አያጠፋውም። ሉዊ ሼልተን የቀን ሥራውን ዋጋ ተቀብሏል ይባል ይሆናል። እኛ ግን ለሠራተኛ የሚገባው ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ እናምናለን። የሠራውን ሥራ «እርሱ ሠራው» ማለትም ከደመወዙ ወገን ነው፤ ይህንን መከልከልም የደመወዙን ክፋይ እንደ መከልከል ይቆጠራል።

በአገራችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ይህ ምሳሌ ዘወትር የሚነገረው ተውሶ የሚያጌጥን ሰው ለመገሠጽ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ የተለየ ነገር አለ፤ ወርቁን ያጠለቁላቸው ሌሎች ነበሩ፤ ወርቁ የሰው መሆኑን አውጥተው የተናገሩት ግን ራሳቸው ያጠለቁት ናቸው።

ሁለተኛው አልበም በጃንዋሪ 1967 አራቱ ሳይጠየቁና ሳያውቁ ወጣ። በዚያው ወር ኔስሚዝ ለአንድ ትልቅ መጽሔት ሙዚቃውን እንደማይጫወቱት በግልጥ ተናገረ። ከከርሽነር ጋር በአንድ ሆቴል በተገናኙ ጊዜ ለእያንዳንዳቸው ከሽያጩ የደረሳቸው የገንዘብ ቼክ ተዘጋጅቶ ነበር። ኔስሚዝ ግን የራሳችንን ሙዚቃ ራሳችን ካልተጫወትን ሥራውን እተዋለሁ አለ። የኩባንያው ጠበቃ የፈረመውን ውል ሲያስታውሰው በቡጢ የክፍሉን ግድግዳ ነደለው። ቡጢውን አናመሰግንም። ነገር ግን የሚበዙት ሰዎች ስለ እውነት የሚከራከሩት ሲጎድልባቸው ነው፤ ሲጠግቡ ዝም ይላሉ። ይህ የሃያ አራት ዓመት ወጣት የተከራከረው ገንዘቡ ቀርቦለት ሳለ ነው። ከዚህ ጋር ሲተያይ የግድግዳው ነገር ቀላል ነው።

ለከርሽነርም የሚገባውን እንስጠው። ዘፈን የመምረጥ ችሎታው እጅግ የታወቀ ነበር፤ ሥራውም ተሸጧል፤ ወጣቶቹም ውሉን ፈርመዋል። ከፈረሙ በኋላ ምን ያጉረመርማሉ የሚል ይኖራል። መልሳችን ይህ ነው፤ ውል የሚያስረው የተዋዋሉትን ሁለት ወገኖች ነው። ሸክላውን የሚገዛው ልጅ ግን ሦስተኛ ሰው ነው፤ እርሱ እንዲሳሳት ሁለቱ መስማማታቸው ስሕተቱን ትክክል አያደርገውም።

ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ስለ ውዳሴ ከንቱ ሲያስተምር ክብርን መፈለግ በራሱ ኃጢአት አይደለም ይላል። ሰው መልካም ሥራው እንዲታወቅ ቢወድ ነውር የለበትም። ክብር ከንቱ የሚሆነው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው የሚመሰገኑበት ነገር ከሌለ ወይም የማይረባ ከሆነ ነው፤ ሁለተኛው አመስጋኙ ፍርዱ የማይታመን ከሆነ ነው፤ ሦስተኛው ክብሩን ወደ እግዚአብሔር ክብር ወይም ወደ ባልንጀራ ጥቅም ሳይመልሱት ሲቀሩ ነው። ለወጣት ወዳጆቻችን «ውዳሴ ከንቱ» ከማለታችን በፊት በየትኛው መንገድ ከንቱ እንደሆነ ለይተን ልንነግራቸው ይገባል።

የሁለተኛው መንገድ ምሳሌ በዚሁ በ1967 በጁላይ ወር ታይቷል። ዘ መንኪስ በየከተማው እየዞሩ ሲጫወቱ ከእነርሱ በፊት መድረክ እንዲከፍት የተቀጠረው ጂሚ ሄንድሪክስ ነበር፤ በጊታር ታሪክ ከታላላቆቹ የሚቆጠረው ሰው። እርሱ ሲጫወት አዳራሹን የሞሉት ልጆች የዴቪን ስም እየጠሩ ይጮኹ ነበር። ሄንድሪክስ ከጥቂት ምሽቶች በኋላ ትቷቸው ሄደ። ልጆቹን አንወቅስም፤ የመጡት ለሚወዱት ነው። ዳሩ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ጭብጨባ ስለ አንድ ሰው ችሎታ ምንም ላይናገር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። አርስጣጣሊስም ይህንኑ ተመልክቶ ክብር በተቀባዩ ላይ ሳይሆን በሰጪው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው ብሎ ነበር። ሰዎች ክብርን የሚሹት ደግሞ መልካም መሆናቸውን ራሳቸውን ለማሳመን ነው ይላል። ይህን ሁለተኛውን ቃሉን ከወጣቶች ጋር በሚደረግ ውይይት ውስጥ ብናስበው ብዙ ይጠቅመናል። «ታዋቂ መሆን እፈልጋለሁ» የሚል ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «እኔ የምረባ ሰው ነኝን?» የሚለውን ነው። ይህን ለሚጠይቅ «ውዳሴ ከንቱ» ብሎ መመለስ ለተራበ ሰው ስለ ሆዳምነት እንደ መስበክ ነው።

ወደ መጀመሪያው መንገድ እንመለስ፤ የእኛ ነገር የሚጠነክረው በዚያ ነውና። የሚመሰገኑበት ነገር በእነርሱ ዘንድ አልነበረም። ታዲያ አንድ ሰው ያልደከመበት ምስጋና በእጁ ቢገባ ምን ማድረግ ይገባዋል? መተው የሚችል ይተዋል። ነገር ግን ምስጋና እንደ ዕቃ አይመለስም፤ ያመሰገነው ሰው ልብ ውስጥ ገብቷልና። ስለዚህ የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እውነቱን መናገርና ምስጋናውን ዘግይቶም ቢሆን በሥራ መክፈል። አራቱ ወጣቶች የመረጡት ሁለቱንም ነው። ከርሽነር በፌብሩዋሪ 1967 ተሰናበተ። እነርሱም ስቱዲዮ ገብተው «ሄድኳርተርስ» የተባለውን ሦስተኛውን አልበም ሠሩ። ዶለንዝ ከበሮውን መታ፤ ቶርክ ባንጆና ፒያኖ ተጫወተ፤ ኔስሚዝ ጊታሩን ያዘ። ቤዝ ጊታሩን በአብዛኛው የተጫወተው አዘጋጃቸው ቺፕ ዳግላስ ነበር። አልበሙን በጥሞና የሚሰማ ሰው ጥቂት ቦታ ላይ ከበሮው ሲንገዳገድ ይሰማል። እኛ ይህን መንገዳገድ እንወደዋለን። አርስጣጣሊስ ሰው ቤት በመሥራት ቤት ሠሪ፣ በገና በመደርደርም በገና ደርዳሪ ይሆናል ብሎ ያስተምራል፤ በጎነትንም የምናገኘው እንዲሁ በማድረግ ነው። ዶለንዝ ከበሮ መቺ የሆነው በቴሌቪዥን ተብሎ ስለ ነበር አይደለም፤ የተባለለትን ለመሆን ተቀምጦ ስለ ተማረ ነው። ከዲሴምበር 1966 ጀምሮም አራቱ በሕዝብ ፊት ራሳቸው ሲጫወቱ ቆይተዋል።

አልበሙ በሜይ 1967 ወጣና አንድ ሳምንት ብቻ አንደኛ ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» መጣና ሁለተኛ ወረደ፤ በዚያም ብዙ ሳምንታት ቆየ። በተውሶ ወርቅ ለአሥራ ስምንት ሳምንታት አንደኛ የነበሩ ልጆች በላባቸው አንድ ሳምንት ብቻ አገኙ ማለት ነው። ሒሳቡን ለሚያይ ነጋዴ ከርሽነር ትክክል ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ተረት በሆነ ነበር። ግን አላለቀም። ከዚያ በኋላ በወጡት አልበሞች ቅጥረኛ ሙዚቀኞች እንደገና ገቡ፤ ድራማው በ1968 ቆመ፤ በዚያው ዓመት ያወጡት ፊልም ተመልካች አጣ። በዓመቱ መጨረሻ ቶርክ ለቀቀ፤ ኔስሚዝም በ1970 ሄደ። በድራማው ውስጥ ድህነት ያላለያያቸውን አራት ወዳጆች በሕይወት ዝና ለያያቸው ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። እኛ ግን እንዲህ ለመደምደም እንቸገራለን። በ1986 ድራማው በኤም.ቲ.ቪ. እንደገና ሲታይ ተሰባስበው ዞሩ፤ ከዚያም በኋላ ሁሉም ባይሆኑም ደጋግመው ተገናኝተዋል። ጆንስ በ2012፣ ቶርክም በ2019 አረፉ። ኔስሚዝና ዶለንዝ የመጨረሻውን ዝግጅታቸውን በኖቬምበር 2021 በሎስ አንጀለስ አቀረቡ፤ አንድ ወር ሳይሞላ ኔስሚዝ ዐረፈ። በማስታወቂያ ተቀጥረው ወዳጅ መስለው እንዲታዩ የተከፈላቸው ሰዎች በአምሳ አምስት ዓመት ውስጥ ተጣልተው፣ ታርቀው፣ ተቀባብረው ነበር። ይህን ወዳጅነት ካልነው ሌላ ምን እንለዋለን?

ስለ ከርሽነር አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ከተሰናበተ በኋላ «ዘ አርቺስ» የተባለ ሌላ ባንድ ይዞ ተነሣ፤ የዚህ ባንድ አባላት በሥዕል የተሠሩ የካርቱን ፊልም ገጸ ባሕርያት ነበሩ። «ሹገር ሹገር» የተባለው ዘፈናቸው በ1969 አንደኛ ሆነ፤ ዋናውን ድምፅ የሰጠው ሮን ዳንቴ የተባለ ዘፋኝ ነበር። በሥዕል የተሠራ ሰው ውል አይጠይቅም፤ ግድግዳም አይመታም። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር ራሱ የሚያዜምበት ዘመን ላይ ደርሰናል፤ ማንም ያልዘፈነው ዘፈን በወጣቶች ጆሮ ይገባል። በምስጋናው የሚገባው ሰው ከጀርባ ሲጠፋ ምስጋናው ወዴት እንደሚሄድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ወጣቶቹን ቢጠይቋቸው መልካም ነው፤ እነርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ደግሞም «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን የአባቶች ቃል ወጣቶቹ ሊጠቅሱብን ይችላሉ፤ ይጥቀሱም። ዝናን የሚነቅፍ ትምህርት ይህን ቃል ሊክድ አይችልም፤ አባቶቻችን መልካም ስምን እንደ ቅርስ ያወርሱ ነበርና። ነገር ግን ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም በየሸክላው ሽፋን ላይ ከታተመው ስም ጋር አንድ ነውን? በቁምስና የመዘምራን ጓድ ውስጥ ከኋላ ረድፍ ቆማ ዜማውን የምትሸከም፣ ብቻዋን ግን ዘምራ የማታውቅ እኅት ብዙ ቦታ አለች። በበዓል ቀን ምስጋናው ከፊት ለቆመው ሲሰጥ ከፊት የቆመው ወጣት ዞር ብሎ ስሟን ቢጠራ ስለ ዝና ከምንሰጠው ትምህርት ሁሉ ይበልጣል። ይህን ማስለመድ የመዘምራኑ መሪ ሥራ ነው፤ ወጪም የለበትም።

ራይኖ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ በ1994 የዘ መንኪስን ሥራዎች በእጁ ካስገባ በኋላ አልበሞቹን በአዲስ መልክ አሳትሟል። አብሮ በሚሸጠው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ በየዘፈኑ ማን ምን እንደተጫወተ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። «ላስት ትሬይን ቱ ክላርክስቪል» በሚለው ሥር የሉዊ ሼልተን ስም ይገኛል።